ጋሽ ሙላትና ያልተጠገነው ጣሪያ

ጋሽ ሙላት ማረፋቸው በስልክ ሲነገረኝ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ «እንዴ፣ ሳይለማመዱ?» የሚል ነበር። ያን ሰዓት ቴክሳስ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ካለው ሆቴላችን መንገደኞች ጭኜ ወደ ኤርፖርት እየነዳሁ ስለነበር ማልቀስም አልቻልኩም። ተርሚናሉ በር ላይ ሻንጣ ሳወርድ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ፊቴን አይታ «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ሰው ሞተብኝ ማለት አቅቶኝ ሻንጣዋ እንደከበደኝ ነገርኳት። ሻንጣዋ ባዶ ነው ማለት ይቻል ነበር።

ጋሽ ሙላትን የማያውቅ ሰው ይህን አባባሌን እንደ ድፍረት ሊቆጥርብኝ ይችላል። የሚያውቃቸው ግን ይስቃል። የሆቴሉን የመንገደኛ ቫን አሥራ አራት ዓመት አብረን ነድተናል። በዕድሜ ሃያ ዓመት ይበልጡኛል። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አትጠፋም። እኚህ ሰው ያልተለማመዱትን ነገር አያደርጉም። ከሆቴሉ እስከ ኤርፖርት ያለው መንገድ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ቢሆንም ሥራ ከመግባታቸው በፊት በየማለዳው በራሳቸው መኪና አንድ ዙር ይሄዱበታል።

«ጋሼ፣ መንገዱ እኮ ትናንት የነበረበት ነው ያለው» ስላቸው፣

«መንገዱስ አለ፤ እኔ ትናንት የነበርኩበት መሆኔን በምን አውቃለሁ?» ይሉኛል።



ለዜግነት ፈተና ሲዘጋጁ እኔን ፈታኝ አድርገው መቶውን ጥያቄ ስድስት ወር አስጠየቁኝ። እኔ ራሴ ሳላስበው አሜሪካዊ ለመሆን በቃሁ። በፈተናው ቀን ኦፊሰሩ እንደ ሰው ደንብ «እንዴት ነህ፣ መንገዱ አስቸገረህ?» ቢላቸው፣ ጋሽ ሙላት ትንሽ አሰብ አድርገው «ይቅርታ፣ ይኼ ከመቶዎቹ ውስጥ የለም» ብለው መለሱለት። ሰውየው ሲስቅ ቆይቶ አሳለፋቸው።

ለቅሶ እንኳ ይለማመዱ ነበር። ለቅሶ ቤቱ ከመግባታችን በፊት መኪናውን ራቅ አድርገው ፓርክ ያደርጉና «በል፣ አንተ የሞተበት ሁን» ይሉኛል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። እሳቸው ዞር ብለው «እግዜር ያጥናህ» ይላሉ። ከዚያ «አይ፣ ድምፄ በዛ» ብለው ሌባ ጣታቸውን በአየር ላይ እንደ ማንኪያ ያዞራሉ። ያ ምልክት «እንደገና» ማለት ነው። አንድ ቀን ሮውሌት ከተማ፣ አንድ ለቅሶ ቤት አካባቢ ሦስት ጊዜ ስለሞተብኝ በአራተኛው የእውነት አለቀስኩ። «አየህ፣ ልምምድ» አሉኝ በኩራት።

ጡረታ የወጡ ጊዜ አንድ ያገለገለ ፒክአፕ ገዙ፤ ከነካምፐሩ። ካምፐሩ ፒክአፑ ጀርባ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ቤት ነው። ሲነዱ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ይቆለፋል፤ ሲቆሙ ጣሪያው ወደ ላይ ይገፋና በሸራ ግድግዳ የተከበበ አንድ ክፍል ይሆናል። ጣሪያውን እየገፉ የሚያነሱትና ይዘው የሚያቆሙት፣ በየማዕዘኑ ያሉ አራት በጋዝ የተሞሉ ዘንጎች ናቸው። የመኪና የኋላ በር ከፍ ሲል ይዞት የሚቀረውን ዓይነት ማለት ነው። ስትራት ይሉታል።

ይህ ሁሉ የተገዛው ለእትዬ የሺ፣ ለባለቤታቸው ነው። እትዬ የሺ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው አባትና እናት ሲያጥቡ ሃያ ስድስት ዓመት ቴክሳስ የኖሩ ሴት ናቸው። ባሕር አይተው አያውቁም። ባሕሩ ያለበት ጋልቨስተን አምስት ሰዓት ቢነዱ ነው። ጋሽ ሙላት «ጡረታ ስወጣ አንቺን ባሕሩ ዳር ነው የማሳድርሽ» ብለው ቃል ገብተዋል። ጡረታው መጣ፣ ካምፐሩ መጣ። ከዚያ ልምምዱ መጣ።

ቤድፎርድ ከሚገኘው ቤታቸው ጋራዥ ፊት ለፊት አቁመውት ጣሪያውን ማንሳትና ማውረድ ጀመሩ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በደብተራቸው ይጽፋሉ። ሃምሳ ጊዜ ደረሱ። ሰባ ጊዜ ደረሱ። በየቅዳሜው እትዬ የሺ ብርድ ልብስና ድስት ያስገባሉ፤ እሑድ ያወጣሉ። አንድ ጊዜ ለመንዳት ልምምድ በጋልቨስተን መንገድ ላይ ያለችው ዋክሳሃቺ ድረስ ሄደው ተመለሱ። «ስድስተኛውን እጅ አጥንቼዋለሁ» አሉኝ።

ቀጥሎ ማደር ተለማመዱ። አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ በቤታቸው በኩል ባልፍ፣ ጋሽ ሙላት በፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽ በአፋቸው እንደያዙ፣ ከካምፐሩ ሲወርዱ አየኋቸው። ደነገጥኩ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እትዬ የሺን አገኘሁና «ጋሽ ሙላት ደህና ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እሱማ ውጭ ነው የሚያድረው» አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መሬት መሬት አዩ፣ ሄዱ።

እኔ ወሬ አልወድም። ለሚስቴ ብቻ ነው የነገርኳት። ሚስቴም ወሬ አትወድም፤ ለእህቷ ብቻ ነው የነገረቻት። ሮውሌት የምትኖረው እህቷ ግን ወሬ ትወዳለች። በሳምንቱ ወሬው ዞሮ ወደ እኔ ሲመለስ አላወቅኩትም። እትዬ የሺ የቤቱን ቁልፍ ቀይረዋል፣ ፖሊስ ሁለቴ ተጠርቷል፣ ጋሽ ሙላት የሚበሉት ጎረቤት ነው። እኔም ሰምቼ በጣም አዘንኩ፤ ራሴን እየነቀነቅኩ «ይህን ያህል?» አልኩ።

ሽማግሌ ይላክ ተባለ። መሪጌታ ይትባረክ ተመረጡ። ቤት የሚያሻሽጠው አቶ ለገሰ ተመረጠ። ሦስተኛው «ለቤቱ ቅርብ የሆነ፣ አንደበቱ የተቆጠበ ሰው ይሁን» ተባለና እኔ ተመረጥኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ደግሞ ምን እንደሚባል መስማትም ፈልጌ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን በቀጥታ ሄድን። መሪጌታ መቋሚያቸውን፣ ያን በማሕሌትና በቅዳሴ የሚደገፉትን ባለ መስቀለኛ ራስ ዘንግ፣ እንደያዙ ነበር። መሪጌታ እጅግ ረዥም ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚታደለው መቋሚያ ስለሚያጥርባቸው በልካቸው ያሠሩት የራሳቸው ነው። ጋሽ ሙላት ካምፐሩ አጠገብ ደብተራቸውን ይዘው ቆመው አገኘናቸው።

«ሙላት ልጄ፣ የመጣንበትን ታውቀዋለህ» አሉ መሪጌታ።

«የቱን?»

«ውጭ ማደርህን ነዋ።»

«እሱ እኮ ልምምድ ነው» አሉ ጋሽ ሙላት።

ሦስታችን ተያየን። አቶ ለገሰ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንግዲህ... ማለቴ፣ መለያየቱን ነው የምትለማመዱት?» አለ።

ጋሽ ሙላት ሳቁ። ጉዳዩ ሲገባቸው ደግሞ ተናደዱ። ከዚያ «ኑ፣ ላሳያችሁ!» ብለው ጣሪያውን ለዘጠና ሰባተኛ ጊዜ አነሱት። ሦስት ሽማግሌዎች ጉልበታችን ተነካክቶ ጠባቡ መቀመጫ ላይ ተደረደርን። አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ድስቱ ምድጃው ላይ ነው። ቅዳሜ ነዋ። ጋሽ ሙላት ሁሉንም አስረዱን፤ ባሕሩን፣ ቃሉን፣ ደቂቃዎቹን። እኔ ወደ ወለሉ አቀረቀርኩ። ያንን ሁሉ ወሬ ያስነሳሁት እኔ ነኝ ብሎ ለመናገር ጥሩው ሰዓት ያ ነበር። አልተናገርኩም።

እትዬ የሺ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። መሪጌታ ለደንቡ ያህል ዞረው «እንግዲያ ጠብ የለም ማለት ነው። አንቺስ የሺ፣ ቅሬታ የለሽም?» አሉ።

«ከጠየቃችሁኝማ አለኝ» አሉ እትዬ የሺ።

ሦስታችንም ወደ በሩ ዞርን።

«መሪጌታ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ባሕሩን አላየሁም። አምስት ሰዓት ነው። በየቅዳሜው ዕቃ አስገባለሁ፣ በየእሑዱ አወጣለሁ። ጉልበቴ ድሮ እንደነበረው አይደለም። ትናንት ዶክተሩ የሙላትን ልብ አይቶ ምን እንዳለ እሱ ይንገራችሁ። እኔ ሰውዬው መጥፎ ነው አልልም፤ መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሁልጊዜ ነገ ሊወስደኝ ነው። እኔ ልምምድ ሰልችቶኛል።»

ጋሽ ሙላት አፋቸውን ከፈቱ። መልስ ሊሰጡ ይሁን «ይኼ ከመቶዎቹ ውስጥ የለም» ሊሉ አላውቅም፤ ምክንያቱም ያኔ ከጀርባችን «ጧ!» አለ። ዘጠና ሰባት ጊዜ የተነሳና የወረደ ዘንግ ምን ያድርግ? አንደኛው ስትራት ተሰበረ። ያ ማዕዘን ሳይቸኩል፣ ቀስ ብሎ፣ መሪጌታ ጥምጥም ላይ ወረደ። አቶ ለገሰ በሁለት እጁ ደገፈው። እኔም ደገፍኩ። መሪጌታ ጎንበስ እንዳሉ መቋሚያቸውን መቀመጫው ላይ አቁመው ራሱን ጣሪያው ሥር ሻጡት።

ጋሽ ሙላት ፊት ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በሕይወቴ የደበቅኩት የሰው ምስጢር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጋሽ ሙላት እፎይ አሉ።

«እንግዲህ ስትራቱ ተሰበረ» አሉ። «ኦርደር አደርጋለሁ። ሲመጣ እገጥማለሁ። ከዚያ ትንሽ ልሞክረውና...»

እትዬ የሺ ወደ ውስጥ ገቡ፤ በእኛ መሃል በጎን አለፉ፣ ድስቱን አነሱ፣ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመሩ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። እንደ ለመዱት አጠፉት። እኔ በዚያች ቅጽበት በራሴም በጋሽ ሙላትም አፈርኩ።

መሪጌታ መቋሚያውን ለቀቁት። መጀመሪያ አንድ እጃቸውን፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ጣሪያው አልተንቀሳቀሰም። እኔንና አቶ ለገሰን «ልቀቁ» አሉን፤ ለቀቅን።

«ቆሟል» አሉ መሪጌታ። «ሂዱ።»

«የት?» አሉ ጋሽ ሙላት።

«ወደ ባሕሩ። አሁን። የሽማግሌ ፍርድ ነው።»

«መሪጌታ፣ እኔ በመቋሚያ አንስቼ አላውቅም! አልተለማመድኩም!»

«ቆሞ እያየኸው።»

«እርስዎስ? ነገ ቅዳሴ ነው፤ በምን ይቆማሉ?»

«እኔ ሁለት እግር አለኝ፤ ጣሪያው የለውም» አሉ መሪጌታ።

አራት ሆነን ጣሪያውን አወረድነው፣ ቆለፍነው፣ መቋሚያውን አልጋው ላይ አጋደምነው። እትዬ የሺ ያጠፉትን ብርድ ልብስ መልሰው ወረወሩትና፣ ሰው ሐሳቡን ሳይለውጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ገብተው ቀበቶ አሰሩ። ጋሽ ሙላት ሞተር አስነሱ። መንገዱ ጫፍ ሲደርሱ ቆም አሉና በመስኮቱ ሌባ ጣታቸውን አውጥተው ማዞር ጀመሩ። አወጣጡን አልወደዱትም፤ ተመልሰው ገብተው እንደገና ሊወጡ ነው። እትዬ የሺ በቀስታ እጃቸውን ያዙና ወደ ውስጥ አስገቡት። ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ጋሽ ሙላት በፀሐይ አፍንጫቸው ተልጧል። እትዬ የሺን ባሕሩ እንዴት ነበር ስላቸው «ጨው ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። ቀመስኩት። እውነታቸውን ነው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ቢናገሩም የት እንደሚደርስ ያውቃሉ።

መሪጌታ ግን መቋሚያቸውን አላገኙም። በየእሑዱ «ሙላት፣ ያ ዘንግህ መጣ?» ይላሉ። ጋሽ ሙላት «ኦርደር ላይ ነው መሪጌታ» ይላሉ። አንድ ዓመት ኦርደር ላይ ሆነ። ሁለተኛው ዓመት ላይ መሪጌታ «በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉ። ሌላ መቋሚያ አላሠሩም፤ በፈንታው ቅዳሴ ሲረዝም ትከሻዬን ይይዛሉ። በአፌ ያጠፋሁትን በትከሻዬ አራት ዓመት ካስኩ። ባልና ሚስቱ በዚያ አራት ዓመት ውስጥ ዓርብ ይነሱና ሳይናገሩ ይጠፋሉ። አንዳንዴ ባሕር፣ አንዳንዴ ሐይቅ፣ አንዳንዴ የትም። ጋሽ ሙላት ደብተራቸውን ከኪሳቸው ያወጡት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ከሆቴሉ እስከ ኤርፖርት ባለው መንገዳችን ላይ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ያልተዉት የማለዳው ዙር እንኳ ቀርቶ ስለነበር፣ አልፎ አልፎ እኔ ለእሳቸው ስል እዞርበታለሁ።

ሕመሙ አጭር ነበር። ልባቸው ነው፤ ዶክተሩ ያለው ነው። ለቅሶ ልደርስ ቤድፎርድ ስሄድ እንዳስተማሩኝ መኪናዬን ራቅ አድርጌ ፓርክ አደረግኩ። «እግዜር ያጥናዎት» ማለት ጀመርኩ። ድምፄ በዛ። እንደገና አልኩ፤ አነሰ። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ የሞተበት የሚሆንልኝ ሰው የለም። ትንሽ ቆይቼ ገባኝ፤ የሞተበት እኔ ነበርኩ። ያጠናሁትን ሁሉ ትቼ እያለቀስኩ ገባሁ፤ እትዬ የሺ ናቸው ያጽናኑኝ።

ከአርባው በኋላ እትዬ የሺ ስልክ ደወሉ። «ታደሰ፣ ስክሪውድራይቨር አለህ? ትንሹን ያዝና ና። የመሪጌታን ዕቃ መመለስ አለብኝ።»

ቅዳሜ ማለዳ ሄድኩ። ካምፐሩ እዚያው ቆሟል። የተሰበረውን ማዕዘን በትከሻዬ ገፍቼ አነሳሁና መቋሚያውን ሻጥኩት። እንጨቱ ጣሪያውን የነካበት ቦታ ለስልሶ አብረቅርቋል። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ግን አራት ዓመት የያዝኩትን ማውጣት ፈለግኩ።

«እትዬ፣ ያኔ... ያንን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

እትዬ የሺ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሹ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«ታዲያ ሽማግሌ እንዲመጣልኝ ለማን ልንገር ኖሯል? ለሌላ ሰው ብነግረው ሮውሌት ለመድረስ ወር ይፈጅበት ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ወሬ የማልወድ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የማምነው።

«ስትራቱን ግዛ ካሉኝ አሁን ኦርደር አደርጋለሁ» አልኩ ለማምለጥ ያህል።

«ከአልጋው ሥር አለልህ።»

ጎንበስ ብዬ አወጣሁት። ካርቶኑ አቧራ ለብሷል። ዘንጉ አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የመጣበትን ቀን ይናገራል፤ ከመጀመሪያው ጉዟቸው በኋላ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም።

«አራት ዓመት እዚህ ነበር?»

«አራት ዓመት። የመጣ ቀን ከፈተው፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው። 'የሺ፣ ይኼን ከገጠምኩት ማንሳት ማውረድ እጀምራለሁ፤ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ' አለኝ። 'ሰባራውን ግን አልለማመድበትም። እንዲሁ እንሂድ' አለኝ። እንዲሁ ሄድን።»

ላስቲኩን ላጥኩ። በስክሪውድራይቨሩ ጫፍ ትንሿን የሽቦ መያዣ ፈልቅቄ አሮጌውን ዘንግ ከላይና ከታች ነቀልኩ። አዲሱን በቦታው ጫንኩት፤ ከላይ «ቀጭ» አለ፣ ከታች «ቀጭ» አለ። አለቀ። ሰዓቴን አየሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ከሆቴሉ እስከ ኤርፖርት ያለችውን ያህል። መቋሚያውን ሳብኩት። ጣሪያው ፍንክች አላለም።

ከዚያ ጣሪያውን አወረድኩና ቆለፍኩት። ግን በአዲሱ ዘንግ ሲነሳ አላየሁትም። ደህና መግጠሙን ማወቅ አለብኝ። ሳይታወቀኝ ሌባ ጣቴ ተነስታ በአየር ላይ መዞር ጀመረች።

እትዬ የሺ ጣቴን አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሳቁም። ከደረጃው ተነስተው መጡና ጣቴን ይዘው ወደ ታች አወረዱት።

«ተው ታደሰ። አንዴ ይበቃል። ቀሪውን ባሕሩ ዳር አየዋለሁ።»

ቁልፉን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ከሾፌሩ በኩል ገቡና ሞተር አስነሱ። እኔ በመሪጌታ መቋሚያ ተደግፌ፣ መንገዱን ጨርሰው እስኪታጠፉ ድረስ ጋራዡ ፊት ቆምኩ።